ሃያ ቡለንና አንድ ዳገት

ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን ካልተናደደች አትጠራውም። ቅጽል ስሙን ያገኘው የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነው። ያኔ ተቀጥሮ በሚሠራበት ጋራዥ ሦስት መካኒኮች አንድ የጭነት መኪና ሳምንት ሙሉ ፈታተው ገጣጥመው ሕመሙ አልገኝ ብሏቸው ነበር። እሱ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነና «ሦስተኛው ፒስተን ሥር ነው» አለ። ሳቁበት። ሲከፈት ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው መኪናውን እየነዳ ይመጣና «ጆሮ፣ እስቲ ስማልኝ» ይለዋል። እሱም ይሰማል። ይሰማ ነበር ማለት ይሻላል፤ እንመጣበታለን።

ጋራዡ ሰፊ አይደለም። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስገባል፣ ሦስተኛው ከመጣ ደጅ ይቆማል። ቁልፎቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ቅርጹ በቀይ ቀለም ስለተሳለ የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ዘይት የፈሰሰበት ወለል ላይ ሰጋቱራ ይበተናል። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ጎረቤቱ በያጁ አለ። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል፣ ሃያ ዓመት ተሰዳድበዋል፤ አንዱ ከሌላው ያልተዋሰው ዕቃ ቢኖር የጥርስ ብሩሽ ብቻ ነው።

ጆሮን ጆሮው መክዳት የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የጠፋው የስልኩ ጥሪ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ እየጮኸ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፣ እሱ ግን አያውቅም። ቀጥሎ ሚስቱ ከማድ ቤት የምትናገረው ጠፋ። «ይኼን ቴሌቪዥን ቀንሺው፣ ሰው አያነጋግርም እኮ!» ይላታል። «ያልተከፈተ ቴሌቪዥን እንዴት አድርጌ ልቀንስልህ?» ትላለች እሷ። ከዚያ ቀጫጭን ድምፆች ሁሉ አንድ በአንድ ተለዩት፣ ወፍራም ወፍራሙ ቀረ። የሞተር ጉርምርምታ ይሰማዋል፣ የበያጁ መዶሻ ይሰማዋል። የሰው ንግግር ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው እንደሚያወሩት ድፍንፍን አለበት።

ለማንም አልተናገረም። መካኒክ ወገቡን ቢያመው ይናገራል፣ ዐይኑ ቢደክም መነጽር ያደርጋል። ጆሮ የተባለ ሰው ግን «ጆሮዬ እምቢ አለኝ» ብሎ ለማን ይናገር? አንድ ቀን እንደምንም ራሱን አደፋፍሮ ሐኪም ዘንድ ሄደና ወረፋ ያዘ። ተቀምጦ ሳለ፣ ስሙ ሲጠራ ሳይሰማ ቢቀርስ የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ተነሥቶ ወጣ። ፈርቶ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ከዚያ በኋላ ከሰው ከንፈር ማንበብ ተማረ፣ ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ተማረ፣ ያልሰማውን ነገር ሁሉ «እሺ» ብሎ ማለፍ ተማረ። ይህች «እሺ» የምትባል ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ አላሳጣችውም።

ለሚጢጢም የሚላት እሷኑ ነው። ሚጢጢ የልጁ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሚስጥር ትወዳለች። ባየችው ቁጥር አንገቱን ጎትታ ታጎነብሰውና አፏን ጆሮው ላይ ለጥፋ ታንሾካሹካለች። ለእሱ የሚደርሰው ሞቅ ያለ ትንፋሿ ብቻ ነው። «እሺ የኔ እመቤት» ይላታል። እሷም ትንሽ ፈቀቅ ብላ በእነዚያ ትልልቅ ዐይኖቿ ትክ ብላ ታየዋለች።

የሚጢጢ አባት፣ ማለትም አማቹ፣ ፋርማሲስት ነው። ሥራ ላይ ቁጥብ፣ ቃሉ የተመጠነ ሰው ነው፤ መኪና ላይ ሲደርስ ግን ሕፃን ይሆናል። ትንሽ ባለ ቱርቦ የቤት መኪና አለችው፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ሞተሯ ያልተነካ፣ የሚስቱን የየዕለት ዳገት ሳታጉረመርም የምትወጣ። አንድ ቀን በካርቶን የታሸጉ ሁለት ካምሻፍቶች ተሸክሞ መጣ። ካምሻፍት የሞተሩን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮች በየተራ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። እነዚህ የመኪናዋ ፋብሪካ የሠራቸው አይደሉም፤ ሌላ ሰው ለፈጣን ነጂ ብሎ የቀረጻቸው፣ ፊት የሚያሳዩ የሚያብረቀርቁ ናቸው።

«አባባ፣ እነዚህን ቢገጥሙልኝ የመሳብ ጉልበቷ በጣም ይጨምራል ይላሉ» አለ አማቹ።

«ማነው የሚለው?»

«የሠሯቸው ሰዎች።»

«እነሱማ ምን ይበሉ?»

ጆሮ አንዱን ዘንግ ወደ ብርሃኑ አውጥቶ ጉብታዎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። ሰፋፊ ናቸው፤ በሩን አንዴ ከከፈቱት ቶሎ አይዘጉትም።

«ስማኝ ልጄ» አለ። «ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው ራሱ ምጎ ነው። በሩን ረዘም አድርገህ ብትከፍትለት ደስ ይለዋል። ያንተ መኪና ግን አየሩ በቱርቦው ተገፍቶ ነው የሚገባላት፣ የአየር ችግር የለባትም። የሷ ችግር ቱርቦው እስኪነሣ ያለችው ጊዜ ናት። ቱርቦውን የሚያዞረው ጭሱ አይደል? ይኼ ዘንግ መግቢያውንም መውጫውንም ባንድ ላይ ከፍቶ ያቆያል። ቀስ ብለህ ስትነዳ ያ ጭስ በመውጫው መሄዱን ትቶ ወደ መግቢያው ይመለስብሃል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ቱርቦውም ዘግይቶ ነው የሚነሣው።»

«ፈጠን ብዬ ስነዳስ?»

«በደቂቃ ከአምስት ሺህ ዙር በላይማ ትበርልሃለች፣ አልዋሽህም። ግን አምስት ሺህ ዙር የምትነዳው የት ነው? ፋርማሲው በር ላይ? ሚስትህ ትምህርት ቤት የምትወጣው በሁለት ሺህ ዙር ነው። ጉልበቱን ከዚያ ነው የምትወስድባት። በልኩ የተቀረጸ ቢሆን፣ ኮምፒውተሩም አብሮት ቢስተካከል፣ ትንሽ ነገር ይገኝ ነበር። ይኼ ግን የእሽቅድምድም ዕቃ ነው።»

አማቹ አንገቱን አቀረቀረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርስዎን የሚያስቸግር ከሆነ አዲሱ ጋራዥ ልወስደው እችላለሁ፤ እነሱ ሁሉን በመሣሪያ ነው የሚሠሩት» አለ። ጆሮ ድምፁን አልሰማም፤ ከንፈሩን ግን ጥርት አድርጎ አነበበው። «በመሣሪያ» የምትለዋ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አወቁብኝ እንዴ? ብሎ ደነገጠ።

«ሐሙስ አምጣት» አለ።

ትክክል መሆኑን እያወቀ፣ ዳገቱን እያወቀ፣ «አምጣት» አለ። እንግዲህ ይህን ሰው ስንወደው እንዲህ ያለውን ነገሩንም ችለን ነው።

ሐሙስ ሁሉን ነገር በሥርዓቱ ሠራ። ምልክቶቹን ከምልክቶቹ ገጠመ፣ ዘንጎቹን ዘይት ቀባ፣ ሞተሩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ የሚነካካ ነገር አለመኖሩን አየ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ዘንጎቹን ቦታቸው ላይ የሚይዙት ክዳኖች በሃያ ቀጫጭን ቡለኖች ይታሰራሉ። እነዚህ እንዲሁ አይጠበቁም፤ ልኩን አስቀድመው የሚሞሉት ትንሽ ቁልፍ አለ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ቀጭ ካለ በኋላ ማለፍ የለም፤ ቀጭን ቡለን ከልኩ ካለፈ ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ቡለን ደግሞ ዛሬ ባይበጠስ ነገ ይበጠሳል። ትልልቅ ቡለን ላይ ቀጭታው እጅን ይመታል። እነዚህ ትንንሾቹ ላይ ግን እጅ እምብዛም አያውቀውም፣ በጆሮ ነው የሚያዘው።

ከአጥሩ ማዶ በያጁ ኮምፕረሰሩን አስነሥቶ ነበር። ጆሮ ዐይኑን ጨፍኖ አንዱን ካንዱ አስከትሎ አጠበቀ። እያንዳንዱ ላይ ቀጭታውን ሰማ። ማለትም የሰማ መሰለው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሰማው ድምፅ ስለሆነ ይመጣል ብሎ በጠበቀበት ቦታ ሁሉ ከራሱ ጭንቅላት ወጣለት። ሰባተኛው ላይ ቁልፉ ድንገት ልስልስ አለበት፣ የተቀቀለ ድንች በሹካ ሲወጉት እንደሚለው። እጁ ቆመ።  «ዘይት ነው» አለ ለራሱ፤ ወደ ስምንተኛው አለፈ።

ዓርብ ጠዋት ልጁ፣ አማቹና ሚጢጢ አብረው መጡ። ልጁ መምህርት ናት፤ ዳገቱ አናት ላይ ባለው ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ሚጢጢም እዚያው ትማራለች። ሞተሩ ተነሣ። ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ቆማ ሞተሯ ብቻ ሲሠራ፣ መኪናዋ ብርድ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

«ምንድነው እንዲህ የሚያደርጋት?» አለች ልጁ።

«የዕቃው ጠባይ ነው። የእሽቅድምድም ካምሻፍት ሚኒሞ ላይ አርፎ አይቀመጥም» አለ። ይህ እውነቱን ነው። ችግሩ፣ አንዴ «ጠባዩ ነው» ከተባለ ወዲያ ሌላም ድምፅ ቢኖር የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ነው። አማቹ ሌላ እንግዳ ነገር ቢሰማም ለካምሻፍቱ ሰጥቶት ፊቱ በፈገግታ በራ። ጆሮ እንደ ልማዱ ረጅሙን ካቻቢቴ አምጥቶ ሞተሩ ላይ አስደገፈ፣ ዐይኑን ጨፈነ። ጉርምርምታ። ሌላ ምንም። «ንጹሕ ናት» አለ።

አማቹ በእግሩ ወደ ፋርማሲው ሄደ። ልጁ መሪውን ያዘች። ሚጢጢ በመስኮት ብቅ ብላ አንገቱን ጎተተችና የዕለቱን ሚስጥር ጆሮው ውስጥ አንሾካሾከች። ዛሬ ረዘም ያለ ነበር። «እሺ የኔ እመቤት» አላት። ትክ ብላ አየችው።

«ዳገት ላይ ካቆምሽ…» አለ ለልጁ።

«ድንጋይ ከጎማው ሥር። አባዬ፣ መንዳት ካስተማርከኝ ጀምሮ ስንት ሺህ ጊዜ ነው የምትነግረኝ?» ብላ ሳቀች፤ ሄዱ።

አምስት ሰዓት ገደማ በያጁ በሩ ላይ ብቅ አለ። ለአንድ ሥራ ያችን ልክ የምታውቅ ቁልፍ ሊዋስ ነው የመጣው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተያዘ ቡለን ሞከራትና ደስ አለው።

«ይቺ ቀጭ ስትል እኮ ሰው ታኮራለች» አለ።

«መቼ አለች?» አለ ጆሮ።

«አሁን ነዋ።»

ጆሮ ቁልፏን ከእጁ ተቀበለ። ልኳን አየ፤ ትናንት እንደሞላት ናት። ቡለኑን አላላና ዐይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ አጠበቀ። ምንም። ጨመረ። ምንም። ትከሻው ላይ እጅ አረፈበት፤ ዐይኑን ሲገልጥ በያጁ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

«ምን ነካህ? ቀጭ ካለ ቆየ እኮ! ልትበጥሰው ነው?»

እንደገና ሞከረ፤ አሁን ዐይኑን ከበያጁ ፊት ላይ ሳይነቅል። የበያጁ ቅንድብ ብድግ አለ፣ «ይኸው» አለ ከንፈሩ። ጆሮ ጋር የመጣ ድምፅ የለም። እጁም አልነገረችውም። ቅንድብ አይቶ ነው ቀጭ ማለቱን ያወቀው።

 ሃያ ቡለን። ሃያውንም በሌለ ድምፅ ነው ያሰራቸው። ሰባተኛው ድንች ሆኖ ተመልሶ መዳፉ ላይ መጣበት። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፦ ቡለኑ ይበጠሳል፣ ክዳኑ ይነሣል፣ ዘንጉ ይዛነፋል፣ ሞተሩ ባለበት ቀጥ ይላል። ሜዳ ላይ ከሆነ መኪና መግፋት ነው። ቁልቁለት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ አንድ ሁለቴ እሺ ይልና ከዚያ እንጨት ይሆናል። ዓርብ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሚለቀው በስድስት ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ልጁና ሚጢጢ ያን ቁልቁለት ይወርዳሉ።

ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ደወለ። ጆሮው ላይ ለጠፈው። አንዲት ሴት መናገር ጀመረች፤ የሚሰማው ጉምጉምታዋ ብቻ ነው። «ደርሳችኋል?» ብሎ ጮኸ። «ሚጢጢስ? ስሚኝ፣ መኪናዋን እንዳትነኪያት! እንዳትነኪያት እያልኩሽ ነው! ሰማሽኝ?» ሴትዮዋ መናገሯን አላቋረጠችም። «ምን እያልሽ ነው? ጮክ በይ!»  ስልኩን ለበያጁ አቀበለው። «ስማልኝ» አለ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሲለው የኖረውን ቃል እሱ ለሰው ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

በያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ወዲያው አወረደው። ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ» አለ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩ በደንብ እንዲታይ ሆኖ ነው ያለው። «ስልኳ ዝግ ነው። የምታናግራት የቴሌዋን ቅጂ ነው።»

በያጁ ስልኩን መለሰለት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሰደብኩህ ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው?» አለ በያጁ፤ ሊያስቅ ነበር፣ ድምፁ ግን አልተባበረውም። «ተነሥ፣ ፒክአፗን ላስነሣ።»

ጆሮ አንድ ጆንያ ቁልፍ ይዞ ገባ። የዳገቱ መንገድ ሰባት መታጠፊያ አለው፤ በአንድ በኩል የተቆረጠ ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ከጉልበት የማትበልጥ ግንብ፣ ከግንቡ ማዶ ገደል ነው። የበያጁ ፒክአፕ አሮጌ ናት፤ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። ጆሮ ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ ግንቧን ያያል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግንቧ ፈርሳ እንዳትታየው ይፈራል፤ ሙሉዋን ሲያያት ይተነፍሳል፣ የሚቀጥለው መታጠፊያ ሲመጣ ትንፋሹ ተመልሶ ይያዛል። በያጁ የሆነ ነገር ጠየቀው።

«አልሰማሁህም» አለ ጆሮ። ሁለት ዓመት የሸሸውን ቃል ሳያስበው አወጣው፤ ለማፈር እንኳ ጊዜ አልነበረውም። በያጁም ደገመለት፤ የጠየቀው ትምህርት ቤቱ በየትኛው በኩል በር እንዳለው ነበር።

ሦስተኛውን መታጠፊያ እንዳለፉ አስፋልቱ ላይ ጠብታ አየ። «አቁም!» ብሎ ጮኸ። ወርዶ በጣቱ ነካው። ዘይት ነው፣ አዲስ ዘይት፤ ትናንት ራሱ የሞላው፣ ገና ያልጠቆረ። የፊተኛው ክዳን ቦታውን መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ወደ ላይ ቀና ሲል ጠብታዎቹ እየተቀራረቡ፣ እየበዙ ይሄዳሉ።  በያጁ ብብቱን ይዞ ፒክአፗ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። ጆሮ ከዚያ በኋላ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ እያቀላቀለ ይል ጀመር፤ ድምፁ ምን ያህል ከፍ እንዳለ እሱ አያውቅም፣ በያጁ ግን ሁሉንም ሰማ።

አምስተኛው መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ቆማለች።

አፍንጫዋን ወደ ተቆረጠው ድንጋይ አስጠግታ፣ ከመንገዱ ገሸሽ ብላ ቆማለች። ውስጧ ሰው የለም። ከሥሯ እጅ የሚያህል የዘይት ኩሬ ተኝቷል። የሚጢጢ ሹራብ የኋላው ወንበር ላይ ተጥሏል። ጆሮ የፒክአፗን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አወረደና እዚያው ቀረ። መውረድ ፈራ። ከወረደ የሚያየውን ነገር ፈራ። ግንቧን አያት፤ አልፈረሰችም። አስፋልቱን አየ፤ የጎማ ምልክት የለም። ከዚያ ዐይኑ ወደ ኋላው ጎማ ወረደ።

ከጎማው ሥር ድንጋይ አለ። ሁለት እጅ የሚያህል፣ በሚገባ የተሸጎጠ ድንጋይ።

ድንጋይ ፈልጎ፣ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማ ሥር ያስቀመጠ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የተረጋጋ፣ ያልተጎዳ፣ አባቱ ሺህ ጊዜ የነዘነዘውን ያስታወሰ ሰው ነው። ጆሮ ግንባሩን ፒክአፗ በር ላይ አስደግፎ አለቀሰ። በያጁ ወደ ገደሉ በኩል ዞሮ የሌለ ነገር ማየት ጀመረ።

ወደ ትምህርት ቤቱ መሮጥ ፈልጎ ነበር። እጁ ግን ሳታማክረው የመኪናዋን ትርፍ ቁልፍ ከኪሱ አወጣች፣ ኮፈኑንም ከፈተች። ሳያይ መሄድ አልቻለም። የሞተሩን ክዳን ፈትቶ አነሣ። ሰባተኛውን ቡለን በጣቶቹ ያዝ ሲያደርገው ጭንቅላቱ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ። አጠገቡ ያለው ስድስተኛውም በጣት ይዞራል። ክዳኑ ዘንበል ብሎ ዘይቱ በዚያ ሲወርድ ቆይቷል። እንዲህ ሆና ትምህርት ቤቱ ድረስ ትወጣ ነበር፤ በእርግጥ ትወጣ ነበር፣ የቀራት ሁለት መታጠፊያ ነው። መመለሱን ግን አትመለስም።

ለምን እንደቆመች ገባው። አምስተኛው ከሁሉም የከፋው፣ ቀጥ ያለው ነው። ድሮ መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣዋለች። ዛሬ ያ ካምሻፍት በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አጥቶ፣ ቱርቦው አልነሣ ብሎ፣ ልጁን አናደዳት፤ አቁማት በእግሯ ቀጠለች። መኪናዋ እንደ ድሮዋ ብትስብ ኖሮ ሁለቱም አሁን ከላይ ሆነው ስድስት ሰዓትን ይጠብቁ ነበር። ስለ ካምሻፍቱ ትክክል ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን አማቹ ፊት ቆሞ አፉን ሞልቶ «ብዬህ አልነበር?» ይል ነበር። አሁን ያንን ማሰብ ራሱ አስጠላው። የተቆረጠውን ጭንቅላት ኪሱ ከቶ የቀረውን ዳገት በእግሩ ወጣ፤ ፒክአፗን በያጁ ከኋላው ቀስ እያለ ነዳት፤ ግባ ቢለው እምቢ ብሎት ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ደወሉ ተደውሎ ኖሮ ልጆቹ እየጎረፉ ነው። ደወሉን አልሰማም፤ ልጆቹን አየ። ከመሃላቸው ልጁ ሚጢጢን በእጇ ይዛ፣ ደብተር በብብቷ አድርጋ ወጣች። ስታየው ከሩቁ መናገር ጀመረች። ከንፈሯ ይፈጥናል፤ ከዚያ ሁሉ የያዘው «አይስብም»፣ «ጥዬአት»፣ «በእግራችን» የሚሉትን ብቻ ነው። አጠገቡ ደርሳ ፊቱን አየችና ቆመች።

«አባዬ? ምን ሆንክ? እማዬ ናት?»

«ቀስ በይ። ወደኔ ዞረሽ ተናገሪ» አለ። «አይሰማኝም።»

«ልጆቹ ናቸው፣ ወደዚያ እንሂድ…»

«ልጆቹ አይደሉም። አይሰማኝም ልጄ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።» መዳፉን ከፈተ። የተቆረጠችው የቡለን ጭንቅላት ትንሽ ናት፣ የጥፍር ያህል። «ይቺ ዘንጉን ከያዙት አንዷ ናት። እኔ ነኝ ያጠበቅኳት። ልክ ላይ ስትደርስ ድምፅ ትሰጣለች፣ አልሰማሁም። ሰምቻለሁ ብዬ ራሴን ዋሸሁ። ከዚያ ንጹሕ ናት ብዬ አንቺንና እሷን ላይዋ አስቀምጬ ሸኘሁ። ያ ካምሻፍት ጉልበት ባያጣ ኖሮ አሁን ቁልቁለት ልትወርዱ ነበር።»

ልጁ ጭንቅላቷን ወደ ገደሉ በኩል ዞር አደረገች። ፊቷ አመድ መሰለ። የሚጢጢን እጅ ምን ያህል ጠብቃ እንደያዘች ያወቀችው ሕፃኗ ስትጮህ ነው። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ኖሮ ይቀለው ነበር።

«ለምን አልነገርከንም?» አለች።

«ፈራሁ።»

 ሚጢጢ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እማዬ፣ እኔ ግን አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«አባባ እንደማይሰማ። ሚስጥር ስነግረው ሁሌ እሺ ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ጫማህ ውስጥ እንቁራሪት ከትቻለሁ ስለው ራሱ እሺ የኔ እመቤት አለኝ።»

ልጁ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ወደ ልቅሶ ሄደ። ጆሮ ሚጢጢ የተናገረችውን ከከንፈሯ ሁሉንም አነበበው። ጉልበቱን አጥፎ ፊቱን ከፊቷ እኩል አደረገ። የጠዋቱ ሚስጥር፣ ያ ረዘም ያለው፣ ትዝ አለው።

«ዛሬ ጠዋትስ?» አላት። «ዛሬ ጠዋት በመስኮት ብቅ ብለሽ ምን ነበር ያልሽኝ?»

ሚጢጢ አካባቢዋን ቃኘች። ሰው ሞልቷል፣ ሚስጥር ደግሞ እንዲህ አይወራም። እንደ ልማዷ አንገቱን ልትጎትት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ተወችው። ሳንባዋን አየር ሞላችና ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

«የመኪናው ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ጢቅ ጢቅ ይላል! ሳንሄድ ስማው! ነበር ያልኩህ!»

በሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ጆሮ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቿን ያዘና፣ እንደ ልማዱ «እሺ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም።